ጆሮው ከእጁ የቀደመ ልጅ፦ ለጎንደር የፒያኖ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

ተሰጥኦ ያለው ልጅ ለማስተማር ይቀላል ብሎ የጀመረ መምህር ሦስተኛው ወር ላይ ግራ ይገባዋል። ልጁ አንዴ የሰማውን ዜማ ወዲያው ፒያኖው ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ኖታ ፊቱ ሲዘረጋ ግን እንደ ፊደል ቆጣሪ ይንተባተባል፤ ጣቶቹም በዚህ መሀል በለመዱት መንገድ ተጣመው ደርቀዋል። ስንፍና አይደለም። ጆሮው ሩቅ ሄዷል፣ ዓይኑና እጁ ገና ከደጅ አልወጡም። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የሚመለከተው ይህንን ክፍተት ነው፦ ጆሮውን ሳያስርቡ ዓይኑንና እጁን ማድረስ።

ጎንደር ውስጥ ክፍተቱ ይብሳል። እዚህ የሚያድግ ልጅ አንደኛ ክፍል ሳይገባ ማኅሌት ሰምቷል፤ ከበሮና ጽናጽል ያውቃል፤ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር መዝሙር ሲያጠና ይሰነብታል፤ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ሰምቶ እስክስታ ወርዷል። የተማረ ጆሮ ይዞ ነው የሚመጣላችሁ። ለእንዲህ ያለ ልጅ አንድ ወር ሙሉ "ይሄ ዶ ነው፣ ይሄ ሬ ነው" ማለት ቅጣት ነው።

ልጁን መለየት

ፈተናው 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ወላጅ ክፍሉ ውስጥ ባይኖር ይመረጣል፤ ልጅ የእናቱን ፊት እያየ ድምፅ አያዳምጥም።

ገና እንደገባ የማያውቀውን ባለ 4 ባር (ባር ማለት አንድ ዙር የምት ቁጥር ነው) አጭር ዜማ በ"ላ ላ" ሁለት ጊዜ አዚሙለት፣ ሁለት ጊዜ አብሯችሁ ይበል፣ ከዚያ ተዉት። መጨረሻ ላይ ትመለሱበታላችሁ።

ቀጥሎ ጭብጨባ። በስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም በችክችካ ምት፣ ሁለት ባር አጨብጭቡና ይድገመው። ከያዘ ወደ አራት ባር አሳድጉ። እዚህ ቦታ ላይ የብዙ ልጆች ልዩነት አይታይም፤ ጎንደሬ ልጅ ችክችካ አይከብደውም። ልዩነቱ የሚወጣው ምቱን ሳይለቅ ዝምታ ውስጥ መቆየት ሲኖርበት ነው፦ አንድ ባር አጨብጭቡ፣ አንድ ባር ዝም በሉ፣ እንደገና አጨብጭቡ። ዝምታውን አሳጥሮ የሚገባ ልጅ ምቱን የሚከተለው በእናንተ እጅ ነው፤ ልኩን ጠብቆ የሚገባው ምቱን በውስጡ ይዞታል።

ሦስተኛ፣ ከዶ ሬ ሚ ሶል ላ አምስት ድምፅ ያለው ሐረግ ተጫወቱ፣ ከዚያ አንዷን ብቻ ለውጣችሁ ድገሙ፦ "የቷ ተለወጠች?" አራተኛ፣ ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ ተጭናችሁ የታችኛውን ድምፅ እንዲያዜም ጠይቁት። የላይኛውን ሁሉም ይሰማል፤ የታችኛውን ለይቶ የሚያዜም ልጅ በኋላ ሁለት እጅ ሲጫወት ግራ እጁንም የሚሰማ ልጅ ነው። አምስተኛ፣ በደንብ የሚያውቀውን መዝሙር ተጫወቱና አንድ ቦታ ላይ አበላሹ። መልሱን ከአፉ አትጠብቁ፤ ፊቱን እዩ።

አሁን የመጀመሪያውን ዜማ ጠይቁት። ከዚያም ሳምንት ቆይታችሁ፣ ሳትነግሩት፣ እንደገና ጠይቁት። ከሁሉም ፈተና ሚዛን የሚደፋው የሳምንቱ ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። የጣት ርዝመትና ፍጥነት ምንም አይነግሯችሁም። ሌላ ቦታ ኪቦርድ የነካ ልጅ ተሰጥኦ ያለው ይመስላል፤ ዓይናፋር ልጅ ደግሞ የሌለው ይመስላል። ድምፁን ከፒያኖው ጋር ማስማማት ያቃተው ሕፃን ብዙ ጊዜ ችግሩ ከፍታው ነው፦ መጀመሪያ እሱ በተመቸው ድምፅ ያዚም፣ እናንተ ያንን ድምፅ ቁልፉ ላይ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ። ድምፁ እየጎረነነ ያለ የ13 ዓመት ልጅ ቢመጣላችሁ በፉጨት ይመልስ።

መሣሪያው

ጥሩ አኩስቲክ ፒያኖ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ነገር ግን ክረምቱን ፍሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ቁልፎች ይጣበቃሉ፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጋ ሲገባ ደርቆ ይወርዳል። ስለዚህ በሐምሌ ማስቃኘት ገንዘብ መጣል ነው። አቃኝ የምታስመጡ ከሆነ ዝናቡ ካቆመ ከአራትና አምስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር አካባቢ አድርጉት። ፒያኖውን ከውጭ ድንጋይ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥርም አታስቀምጡት። መዶሻዎቹ የሱፍ ልባድ ናቸው፤ ብልና አይጥ ይወዷቸዋል።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ግን በኪቦርድ ነው፤ አያሳፍርም። 88 ቁልፍ ያለውና ቁልፉ ክብደት ያለው ዲጂታል ፒያኖ ቢገኝ በጣም ጥሩ። ካልተገኘ 61 ቁልፍ ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት ይበቃል፤ ከሙሉ ፒያኖ የሚጎድሉት ከታች 15፣ ከላይ 12 ቁልፎች ናቸው፣ ጀማሪ ደግሞ እነሱን ብዙም አይደርስባቸውም። የማንደራደርበት ነገር አንድ ነው፦ ቀስ ሲነኩት ቀስ፣ ጠንከር ሲሉበት ጠንከር ብሎ መጮህ አለበት። ይህ የሌለው ኪቦርድ ላይ ያደገ እጅ በኋላ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ይደነግጣል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ኪቦርድ ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። "100–240 ቮልት" የሚል ከሆነ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል፤ "120 ቮልት" ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ምትክ አዳፕተር ስትገዙ ቮልቱ ከመሣሪያው ጋር እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የፕላስና የማይነስ አቅጣጫውም መሣሪያው ላይ ከተሣለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን ንቀሉት፤ ጉዳቱ የሚመጣው መብራቱ ሲመለስ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዓይነት ከሆነ አንድ ሙሉ ቅያሪ መሳቢያ ውስጥ ይኑር።

ፔዳሉ ተገላቢጦሽ ቢሠራ፣ ማለትም ስትለቁት ድምፁ ቢረዝም፣ አልተበላሸም። ብዙ ኪቦርዶች ሲበሩ ፔዳሉ ያለበትን ሁኔታ "ያልተረገጠ" ብለው ይይዙታል። አጥፉት፣ እግራችሁን አንሡ፣ አብሩት።

የሚያጅበውን ዳንኪራ፣ ስታይል የሚሉትን፣ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት ዝጉት። ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ትራንስፖዝ ደግሞ ዜሮ ላይ መሆኑን በየቀኑ አረጋግጡ። አንዳንድ ልጅ ድምፅን ያለ ማነጻጸሪያ ይለያል፤ ትራንስፖዝ የተነካ ኪቦርድ ለእንዲህ ያለ ልጅ "ሀ"ን ጽፈህ "ለ" ብለህ አንብብ እንደ ማለት ነው።

አቀማመጥ

ፒያኖ ላይ የነጮቹ ቁልፎች ከፍታ ከወለል 70 እና ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ኪቦርዱን ተራ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ከዚያ በላይ ይወጣል፣ የልጁ ትከሻም ወደ ጆሮው ይነሣል። ልጁ ሲቀመጥ ክርኑ ከነጮቹ ቁልፎች ጋር እኩል ወይም በጣት ስፋት ከፍ ያለ ይሁን። ወንበሩን የምታሳድጉት በጠንካራ ነገር ነው፤ የታጠፈ ጋቢ ይሆናል፣ ስፖንጅ ግን አይሆንም፣ ሲሰምጥ ልጁ ይንጋደዳል። እግሩ መሬት ካልደረሰ ሳጥን ወይም ሁለት ብሎኬት ከሥር አድርጉ። እግሩ የሚንጠለጠል ልጅ ሚዛኑን በእጁ አንጓ ይጠብቃል፣ ያኔ የእጁ መድረቅ ይጀምራል፤ መምህሩ ግን ጣቱን ሲወቅስ ይውላል።

ጥፍር በየሳምንቱ ይቆረጥ። ጥፍሩ የረዘመ ልጅ ጣቱን ዘርግቶ ነው የሚጫወተው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፦ ከጥቁሮቹ

የውጭ መማሪያዎች አብዛኞቹ ከመሀል ዶ፣ ከነጮቹ፣ በአራት ምት ይጀምራሉ። ለዚህ ልጅ ሦስቱም ትክክል አይመስሉንም። ከጥቁሮቹ ጀምሩ።

አንደኛ ሳምንት። ጥቁሮቹ ሦስት ሦስትና ሁለት ሁለት ሆነው ተሰድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያዋን፣ ፋ ሻርፕን (ሻርፕ ከነጩ በስተቀኝ ያለው ጥቁር ነው)፣ ማረፊያ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ቤት፣ አድርጋችሁ ወደ ላይ አምስቱን ተጫወቱ፦ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ ሻርፕ። ይህ ከቅኝቶቻችን (ከባለ አምስት ድምፅ የዜማ መደቦች) አንዱ፣ ትዝታ ሜጀር ነው፣ አንድ ነጭ ሳይነካ። ቀኝ እጅ ሦስቱን በሌባ ጣት፣ በመሀልና በቀለበት ጣት (2-3-4፤ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ 5 ናት) ይያዝ፤ ወደ ሁለቱ ሲሄድ ክንዱን አንሥቶ 2-3። አውራ ጣት አይገባም። ረጃጅሞቹ ጣቶች ከፍ ባሉት ቁልፎች ላይ ሲያርፉ እጁ ሳይነገረው ይጎብጣል፤ የፖላንዱ ፒያኒስት ሾፓንም ተማሪዎቹን የሚያስጀምረው ረጃጅም ጣቶች ጥቁሮቹ ላይ በሚያርፉበት አቀማመጥ ነበር። ግራ እጅ ፋ ሻርፕን በትንሿ ጣት፣ ዶ ሻርፕን በአውራ ጣት እያፈራረቀ በችክችካ ይምታ። ልጁ በቀኙ የፈለገውን ይፈልስፍ፤ እዚያ ውስጥ የሚሳሳትበት ቁልፍ የለም።

ሁለተኛ ሳምንት። ያው ጥቁሮች፣ ነገር ግን ማረፊያው ሬ ሻርፕ ይሁን፦ ሬ ሻርፕ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ ሻርፕ፣ ዶ ሻርፕ። አሁን ባቲ ማይነር ሆነ። ሳትነግሩት አጫውቱትና "ምን ተለወጠ?" በሉት። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ቁልፎቹ እንዳልተለወጡ፣ ቤቱ ግን እንደተለወጠ በራሱ አንደበት ይነግራችኋል። ይህችን ግኝት አትንጠቁት፤ ሁለት ቀን ቢወስድበትም ጠብቁት።

ሦስተኛ ሳምንት። ወደ ነጮቹ፣ አውራ ጣትም ይግባ። ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ትዝታ ማይነር ነው። ጣቱ፦ ላ 1፣ ሲ 2፣ ዶ 3፣ ከዚያ አውራ ጣት ከሥር ሾልኮ ሚ 1፣ ፋ 2። ያንኑ ከሚ ጀምሩት፦ ሚ 1፣ ፋ 2፣ ላ 1፣ ሲ 2፣ ዶ 3። ይህ አምባሰል ነው። ቁልፉም ጣቱም አንድ ነው፣ ማረፊያው ብቻ ይለያል፤ ልጁ ሳያውቀው አውራ ጣትን ማሾለክ ተማረ። እዚህ የሚበላሸው ክርን ነው፦ አውራ ጣት ሲሾልክ ክርኑ እንደ ዶሮ ክንፍ ይነሣል። ክንዱ ላይ አንድ ሉክ ወረቀት አስቀምጡ፤ ከወደቀ ክርኑ ተነሥቷል። ለሕፃን ጨዋታ ነው፣ ለእናንተ መለኪያ።

አራተኛ ሳምንት። ትዝታ ሜጀርን ከሦስት ቦታ በነጮች ብቻ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፤ ፋ ሶል ላ ዶ ሬ፤ ሶል ላ ሲ ሬ ሚ። አንድ የሚያውቀውን መዝሙር ከሦስቱም ይጫወት። ባቲ ሜጀር (ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ) መጨመር ይቻላል። አንቺሆዬን (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፤ ፍላት ከነጩ በስተግራ ያለው ጥቁር ነው) ለኋላ አቆዩት።

በዚህ ሰሞን አንድ ቀን ልጁ "ቲቸር፣ ፒያኖው ልክ አይደለም" ይላችኋል። አትቆጡት፣ እውነቱን ነው። ፒያኖ ኦክታቩን፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ 12 እኩል ቦታ ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ማሲንቆና ድምፃዊ ግን እንደ ቅኝቱ አንዳንዷን ድምፅ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ያደርጓታል፣ በተለይ አንቺሆዬ ላይ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱትና እለፉ። ፒያኖው ትክክል፣ ማሲንቆው የተሳሳተ ነው ብሎ እንዳያድግ ግን ተጠንቀቁ።

"ሲ" የቷ ናት?

ኖታ ከመክፈታችሁ በፊት አንድ የኛ አገር ጣጣ ፍቱ። በዶ ሬ ሚ "ሲ" ማለት የመጨረሻዋ፣ ከላ ቀጥሎ ያለችው ናት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጠሩ ግን "ሲ" ዶ ናት። አንዱ መምህር በዶ ሬ ሚ፣ የኪቦርድ አጃቢው ወንድሙ በፊደል ሲጠሩለት ልጁ ሁለት ሲ ይዞ ይቀራል። አንዱን ምረጡ፤ ሌላውን ከስድስት ወር በኋላ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ አስተምሩ። እዚህ ዶ ሬ ሚ እንጠቀማለን፣ ዶ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ናት፣ አትንቀሳቀስም። ቁልፎቹ ላይ በስክሪፕቶ ወይም በፕላስተር ስም አትጻፉ፤ የተጻፈበት ቁልፍ ዓይንን ከወረቀቱ ወደ እጅ ይጎትታል።

ኖታ ማንበብ

ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚቀረው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

ችግሩ እንዲህ ነው የሚፈጠረው። መምህሩ አዲስ ቁራጭ ይሰጣል፤ ልጁ "ቲቸር፣ እስቲ አንዴ ይጫወቱልኝ" ይላል፤ መምህሩ ይጫወታል። አበቃ። ልጁ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ የሚጫወተው የሰማውን ነው። ወላጅ ማንበቡን ያያል፣ መምህርም ያምናል፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከበድ ያለ ቁራጭ ሲመጣ ይገለጣል። ሕጉ አጭር ነው፦ ለንባብ የተሰጠ ቁራጭ በመምህሩ እጅ አይሰማም።

ሦስት ምሶሶ ትከሉ። መሀል ዶ፤ በላይኛው አምስት መስመር ከታች ሁለተኛው መስመር ላይ ያለችው ሶል፤ በታችኛው አምስት መስመር ከታች አራተኛው ላይ ያለችው ፋ። ሁለቱም ከመሀል ዶ እኩል ይርቃሉ፣ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች አምስተኛ (ራሷን ዶን ጨምሮ አምስት ድምፅ)። ሌላውን ሁሉ ከእነዚህ እየቆጠሩ ሳይሆን በርቀት ያንብብ፦ ከመስመር ወደ አጠገቡ ክፍተት አንድ እርምጃ፣ ከመስመር ወደ መስመር አንድ ዝላይ። ስም ጠርቶ ከዚያ ቁልፍ የሚፈልግ ልጅ ሁልጊዜ ዘገምተኛ ነው።

በየቀኑ 4 ባር አዲስ ነገር ይንበብ፣ ማንም የማያውቀው። እናንተው ጻፉት፤ አምስት ድምፅ ይበቃዋል። የሚያውቀው መዝሙር ለንባብ አይሆንም።

ከመጀመሩ በፊት ድምፅ ሳያወጣ ምቱን ያጨብጭብ፣ ከዚያ ጣቶቹን ቁልፉ ላይ ሳይጫን ያንቀሳቅስ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ፣ ሳያቆም፣ ይጫወት። ቢሳሳት አይመለስ። መመለስ የለመደ ልጅ የሚያነበው ያለፈውን ነው። በካርቶን ቁራጭ የተጫወተውን ባር እየሸፈናችሁ ሂዱ፤ ዓይኑ ወደ ፊት ከመሸሽ ሌላ ቦታ አይኖረውም።

ማጭበርበሩን ለመያዝ ወጥመድ አለ። በደንብ የሚያውቀውን መዝሙር ጻፉለት፣ ነገር ግን ስድስተኛው ባር ላይ አንድ ኖታ ለውጡ። የተጻፈውን ከተጫወተ አንብቧል። የሚያውቀውን ከተጫወተ ጆሮው ሸውዶታል፤ አሳዩት፣ አብራችሁ ሳቁ፣ በወር አንዴ ድገሙት።

ለጆሮኛ ልጅ ከማንበብ ይልቅ መጻፍ ይጣፍጠዋል። በክፍለ ጊዜው አምስት ደቂቃ እናንተ ተጫወቱ፣ እሱ ይጻፍ፤ ከትዝታ አምስት ድምፆች ጀምሩ። የጻፈውን በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ያንብብ። የአብነት ትምህርት የቀመሰ ልጅ እዚህ ቶሎ ይገባዋል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የሚባሉት የዜማ ምልክቶች ከቃሉ ላይ ተቀምጠው ድምፅን እንደሚመሩ ያውቃል። ምልክት ድምፅን ያዛል የሚለውን ሐሳብ እንደ አዲስ ማስተማር አያስፈልግም።

የሚያነበው ሁልጊዜ ከሚጫወተው በሁለት ደረጃ የቀለለ ይሁን። በሌላ በኩል በሳምንት አንድ ቁራጭ ያለ ምንም ወረቀት፣ በጆሮ ብቻ ይሥራ። ይህ ከተቋረጠ ልጁ ፒያኖን እንደ ቤት ሥራ ማየት ይጀምራል።

እጅ፣ ስኬልና ፍጥነት

ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ስኬል (ድምፆችን በተራ ወደ ላይና ወደ ታች መጫወት)፣ በቀን ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ። ዶ ሜጀር ቀኝ እጅ 1-2-3-1-2-3-4-5። ብዙ ቦታ ይኸው ይሠራል፤ ፋ ሜጀር ግን 1-2-3-4-1-2-3-4 ነው፣ አራተኛዋ ሲ ፍላት ጥቁር ስለሆነች አውራ ጣት ጥቁር ላይ እንዳያርፍ። ምክንያቱን ንገሩት፤ ጎበዝ ልጅ ምክንያቱን ካወቀ አይረሳም።

የእነዚህ ልጆች በሽታ ፍጥነት ነው። ጆሯቸው የሚያውቀውን ዜማ እጃቸው በዚያው ፍጥነት እንዲያወጣው ይፈልጋሉ። ሜትሮኖሙን፣ ምት ቆጣሪውን፣ በደቂቃ 60 ምት ላይ ጀምሩ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ንጹሕ ሲወጣ 4 ጨምሩ፤ ሲሳሳት 8 ቀንሱ። በአንድ ቀን ከሦስት ጭማሪ በላይ አይሂድ። እጅ በቀን የተማረውን እንቅልፍ ያደላድለዋል፤ ነገ በ72 መጀመሩን ራሱ ያየዋል።

ኦክታቭ ያለበትን ቁራጭ ከመስጠታችሁ በፊት እጁን ለኩ። ኦክታቭ ከመሀል እስከ መሀል 16.5 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ እጁ ተዘርግቶ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጫፍ 18 ካልሞላ አትስጡት። ሕመም ካለ ልምምዱ ያን ቀን አበቃ። "ትንሽ ቻለው" የሚባል ነገር ፒያኖ ላይ የለም።

ክፍለ ጊዜና የቤት ልምምድ

በሳምንት አንድ ቀን 90 ደቂቃ ከማስቀመጥ ሁለት ቀን 45፣ 45 ይሻላል። የ45ቱ አከፋፈል እንዲህ ቢሆን፦ 5 ለማሟሟቂያና ስኬል፣ 10 ለንባብ፣ 15 ለዋናው ቁራጭ፣ 5 ለጽሕፈት፣ የቀረው 10 ለፈጠራና በጆሮ ለሚሠራው። ንባቡን ወደ መጨረሻ አትግፉት፤ ልጁ ሲደክም መጀመሪያ የሚተወው ዓይኑን ነው።

ቤት ውስጥ ለ7 እና 8 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ፣ ከ10 ዓመት በላይ ሁለት ጊዜ 25። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ ነጻ ነው፤ ከትምህርት በፊት አንዴ፣ አመሻሽ አንዴ። ደብተር ይያዝ፣ ነገር ግን "30 ደቂቃ ተለማመድኩ" ብሎ አይጻፍ፤ "ከባር 5 እስከ 8 ግራ እጅ፣ በ66" ብሎ ይጻፍ።

መሣሪያ የሌለው ቤት አለ፣ ያ ልጅ ግን አይባረርም። ከጠንካራ ካርቶን ሦስት ኦክታቭ ሥሩ፦ የነጭ ቁልፍ ስፋት 23.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲሜትር፤ ጥቁሩ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 9.5 ሴንቲሜትር። ከዶ እስከ ዶ 22 ነጭ ይሆናል፣ በጠቅላላው 51.7 ሴንቲሜትር። ጥቁሮቹን ከሌላ ካርቶን ቆርጣችሁ ደራርባችሁ ለጥፉ፤ ከፍታቸው በጣት መሰማት አለበት። ልጁ በካርቶኑ ላይ እያዜመ ይለማመድ። ውስጡ የሚሰማ ልጅ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ሰው ከሚገምተው በላይ ነው፤ ንባብን እንዲያውም ካርቶኑ ይረዳል፣ ጆሮ አያጭበረብርምና።

ግራ እጅ ለኛ ዜማ

ልጁ ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) እንደተማረ ያየውን ዜማ ሁሉ በዶ ሚ ሶል ማጀብ ይጀምራል። ትዝታ ሜጀር ላይ ያስኬዳል። አምባሰል ላይ ግን ይሰበራል፣ ምክንያቱም አምባሰል ከማረፊያው ሦስተኛ ድምፅ የለውም፤ ማረፊያው ላይ ሜጀርም ማይነርም ኮርድ ብትሰጡት ከቅኝቱ ውጭ የሆነች ድምፅ ታስገባላችሁ። መፍትሔው አምስተኛዎች ናቸው። በሚ ፋ ላ ሲ ዶ ውስጥ ሦስት አምስተኛ ተደብቆ አለ፦ ሚ–ሲ፣ ፋ–ዶ፣ ላ–ሚ። ግራ እጅ በእነዚህ ብቻ ያጅብ፣ ሐረጉ ሲያርፍ ሚ–ሲ ላይ ይረፍ። ወደ ፋ–ዶ ወጥቶ ሲመለስ የሚሰማውን ውጥረት ልጁ ወዲያው ይወደዋል።

ፔዳሉን በቅኝት ሥራ ላይ ቆጥቡ። ትዝታ ሜጀር ላይ ረግጣችሁ ብትረሱት ብዙ አይጎዳም፤ አምባሰል ላይ ግን ሚና ፋ ተደባልቀው ይጨቃጨቃሉ።

ከስድስት ወር በኋላ

ሁለት መስመር ጎን ለጎን ያስኬዱ። በአንዱ ከአውሮፓው ሥራ አጫጭሮቹን፦ ለረጅም ጊዜ የባክ ነው ሲባል የኖረው የፔትዞልድ የሶል ሜጀር ሚኑዌት ሁለቱን እጅ እኩል ያናግራል፤ ከዚያ የቡርግሙለር ኦፐስ 100 ጥናቶች፤ የባርቶክ የልጆች ቁራጮች ደግሞ በሕዝብ ዜማ ላይ ስለተሠሩ የኛን ልጅ ጆሮ አያስከፉም። በሌላው መስመር ልጁ ራሱ በቅኝት የሠራውን፣ በራሱ እጅ በኖታ የጻፈውን።

መነኩሲቷን ፒያኒስት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያዳምጥ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል፤ ፒያኖ የኛን የዜማ አካሄድ እንዴት እንደሚሸከም ከእሳቸው የተሻለ ማሳያ የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ምታቸው እንደ ትንፋሽ ይሳባል፣ ይለቀቃል። ምቱ ገና ያልጸና ልጅ ይህን ቀድሞ ከቀዳ ሜትሮኖም ይጠላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ለመስማት ብቻ ይሁን።

ወላጅ "ዕድሜው አለፈ ወይ?" ሲላችሁ ንገሩት፦ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ክራር ሲጫወት ቆይቶ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ በ16 ዓመቱ ነው ፒያኖ የጀመረው፣ በኋላም ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሯል። ወላጅ በየእንግዳው ፊት "እስቲ ተጫወትላቸው" እንዳይለው ግን ለምኑ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በሴሚስተር እረፍትና ሰኔ መጨረሻ፣ 15 ሰው ባለበት ክፍል ሁለት ቁራጭ ይጫወት፤ አንዱ ከሦስት ወር በፊት የጨረሰው፣ አንዱ አዲስ። ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ቁራጭ አትስጡ፣ ሐሳቡ የመዝሙር ጥናት ላይ ነው። ያን ሰሞን የሚያጠናውን መዝሙር በጆሮ ወደ ፒያኖ ያምጣው፣ ግራ እጅ ያብጅለት፣ ይጻፈው።

ልጁ እናንተን የሚያልፍበት ቀን ይመጣል። ምልክቱ እናንተ ሳትለማመዱ የማትጫወቱትን እሱ በሳምንት ሲያመጣው ነው። ያኔ በስልክ ከፒያኖው በስተቀኝ፣ በክርኑ ከፍታ፣ ሁለቱም እጅና ፊቱ እንዲታዩ አድርጋችሁ ሦስት ነገር ቅረጹ፦ አንድ የተጠና ቁራጭ፣ አንድ ስኬል በሁለት እጅ፣ አንድ በዚያው ሰዓት የተሰጠው ያልታየ ንባብ። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለተማረ አንድ ፒያኒስት አሳዩና አስተያየት ጠይቁ። ሦስተኛውን ቅጂ ደግማችሁ አታስቀርጹ፤ የሚፈለገው ስሕተቱም ጭምር ነው።